ደም የቀላቀለ ሽንትና የማግኔቱ ምርመራ

ሴቶች ለሐኪም ከመናገር ከሚቆጠቡባቸው ጉዳዮች አንዱ የሽንት ነገር ነው። ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ወገብ ሕመም ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ በግልጽ ይነገራል፤ ሽንት ደም ቀላቅሎ ሲመጣ ግን ነገሩ በጓዳ ይቀራል። የወር አበባ የምታይ ሴት «ቀኑ ተዛብቶብኝ ይሆናል» ብላ ታልፈዋለች፤ ያረጠችዋ ደግሞ «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለች። ወደ ጤና ጣቢያ የሄደችውም ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተብላ ክኒን ተሰጥቷት ትመለሳለች። ክኒኑ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ትክክል የማይሆንበትም ጊዜ አለ፤ የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህኛው ላይ ነው።

የሽንት ፊኛ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ6 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ መያዛቸው ሲታወቅ፣ ከ2 መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሕይወታቸውን አጥተውበታል። ወንዶችን ከሴቶች ይልቅ ሦስትና አራት እጥፍ ያጠቃል። ይህ አኃዝ ላይ ላዩን ሲታይ ለእኛ ለሴቶች መጽናኛ ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው። በሽታው የወንዶች ተደርጎ ስለሚታሰብ ሴቷ ደም አየሁ ብላ ስትመጣ ቶሎ አይጠረጠርም። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሴቶች በሽታው ከመታወቁ በፊት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተደጋጋሚ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የመጨረሻው ምርመራ ሲደረግላቸውም ካንሰሩ ከወንዶቹ ይልቅ ሥር ሰዶ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል።

የበሽታው ዋነኛ ምልክት ሕመም የሌለው ደም ነው። አያቃጥልም፣ አይቆርጥም፤ ሽንቱ ብቻ ሥጋ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፣ ወይም ጨርሶ ቀይ ይሆናል። ከዚያም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጠፋል። ሴቷም «ተሻለኝ» ብላ ትተወዋለች። እውነት ነው፣ ቀይ ሽንት ሁሉ ደም አይደለም። ቀይ ሥር አብዝቶ የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ ይችላል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድም ሰው ሽንቱ ብርቱካንማ ቀለም ይይዛል። ደሙም ቢሆን ከኩላሊት ጠጠር ወይም ከኢንፌክሽን የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ግን ሽንቱ በቤተ ሙከራ መታየት አለበት እንጂ በግምት የሚወሰን ነገር አይደለም። በብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ያለ ኢንፌክሽን ደም ከሸኑ፣ ወይም ኢንፌክሽኑ ታክሞ ደሙ ካልቆመ ወይም ተመልሶ ከመጣ፣ በአስቸኳይ ወደ ልዩ ሐኪም እንዲላኩ ያዛል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የምታውቃቸው አንዲት ጡረተኛ እናት አሉ። ለረጅም ዓመታት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። ደም ማየት ከጀመሩ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ በተለያየ ጊዜ አራት ዓይነት ክኒን ተሰጣቸው። «የዋጥኩትን ክኒን ብደረድረው አንድ ሰፌድ ይሞላል» ይላሉ። በመጨረሻ ልጃቸው «እማዬ፣ ከእንግዲህስ ክኒን አልገዛም» ብላ አልትራሳውንድ አስነሣቻቸው። በፊኛቸው ውስጥ እንደ አበባ ጎመን የተንዠረገገ ዕብጠት ታየ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ዕብጠቱ ጡንቻውን ነክቷል ወይስ አልነካም? የእኚህ እናት ቀሪ ሕይወት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠለጠለ።

ልስኑና ማገሩ

ይህ ጥያቄ ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት የፊኛን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የፊኛ ግድግዳ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ድርብርብ ነው። ሽንት የሚነካው የውስጠኛው ስስ ሽፋን እንደ ልስኑ ነው። ከሥሩ የደም ሥሮች የሚተላለፉበት ለስላሳ ክፍል አለ። ቀጥሎ ፊኛውን እያኮማተረ ሽንት የሚያስወጣው ወፍራም ጡንቻ ይመጣል፤ ይህ እንደ ማገሩ ነው። ከጡንቻው ውጭ ስብ አለ፤ ከስቡ ባሻገር ደግሞ በሴቶች ማኅፀንና ብልት ይገኛሉ።

ካንሰሩ የሚጀምረው ከልስኑ ነው። ምስጥ ልስኑን ብቻ የበላ እንደሆነ ልስኑን ፍቆ እንደገና መለሰን ይቻላል። ማገሩ ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ የሚወስኑት በዚህ ዓይነት ነው፤ በሽፋኑና ከሽፋኑ ሥር ባለው ክፍል የተወሰነው የመጀመሪያው፣ ጡንቻ የገባው ሁለተኛው፣ ወደ ስቡ ያለፈው ሦስተኛው፣ ጎረቤት የሆኑትን የአካል ክፍሎች የያዘው አራተኛው ደረጃ ነው። ከበሽተኞች መካከል ከ10ሩ 7ቱ ያህል በሽታው ሲታወቅ ጡንቻው ገና አልተነካም።

ጡንቻው ካልተነካ በሽንት ቱቦ በኩል በሚገባ መሣሪያ ዕብጠቱ ተፍቆ ይወጣል፤ እንዳይመለስም ፊኛው ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ለሕፃናት ለሳምባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠውና ክንድ ላይ ጠባሳ የሚተወው ቢሲጂ ራሱ ነው። አልቫሮ ሞራሌስ የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ሐኪም ቢሲጂን ለፊኛ ካንሰር መጠቀም እንደሚቻል ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ፊኛው ውስጥ የተጨመረው ክትባት የሰውነትን የመከላከል ኃይል ቀስቅሶ የካንሰሩን ሕዋሳት እንዲያጠቃ ያደርገዋል። ከከባድ ቀዶ ሕክምና ያተረፋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጡንቻው ከተነካ ግን መፋቅ ብቻውን አይበቃም። የተለመደው ሕክምና ቀደም ብሎ መድኃኒት በደም ሥር ሰጥቶ ፊኛውን በሙሉ ማውጣት ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ማኅፀንና የእንቁላል ማኅደር አብረው ይወጣሉ። ለአንዳንድ በሽተኞች ፊኛውን ሳያወጡ በጨረርና በመድኃኒት ማከምም ይቻላል። ስለዚህ በልስንና በማገር መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር የሚቆጠር ቢሆንም፣ አንዲት ሴት ፊኛዋን ይዛ በመቅረትና ሽንቷን ከሆዷ ጎን በሚንጠለጠል ከረጢት በመቀበል መካከል ያለው ልዩነት በዚያች ሚሊሜትር ላይ ይወሰናል።

ያለ ጨረር የሚነሣ ሥዕል

ፊኛን ከውስጥ የሚያሳየው መሣሪያ አዲስ አይደለም። ማክሲሚሊያን ኒትሰ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የመጀመሪያውን ብርሃን ያለው የፊኛ መመልከቻ እ.ኤ.አ. በ1877 አሳይቷል። ዛሬም ቢሆን ፊኛ ውስጥ ዕብጠት መኖሩን በዓይን የሚያረጋግጠው የዚያ መሣሪያ ዝርያ ነው። ጉድለቱ ላዩን እንጂ ጥልቀቱን አለማሳየቱ ነው። ሐኪሙ ልስኑን ያያል፤ ማገሩን አያይም። ጥልቀቱን ለማወቅ ዕብጠቱን ፍቆ ናሙናውን ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል። የተፋቀው ናሙና ጡንቻ ሳይዝ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ በሽተኛዋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ማደንዘዣ ወስዳ እንደገና ትፋቃለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው ይሄዳል።

ኤም አር አይ የሚባለው ምርመራ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። መሣሪያው ከራጅና ከሲቲ ስካን የሚለየው በጨረር የማይሠራ በመሆኑ ነው። የሰው ሰውነት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው፤ በውሃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጅን አተሞች ደግሞ እያንዳንዳቸው እንደ ትንንሽ ማግኔት ናቸው። በሽተኛዋ የምትተኛበት ቱቦ የመሬትን የማግኔት ኃይል ወደ 30 ሺህ ጊዜ ያህል የሚያጥፍ ኃይል አለው። አተሞቹ በዚህ ኃይል ይሰለፋሉ፤ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ከሰልፋቸው ይናጋሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡትን ምልክት ኮምፒዩተር ይሰበስብና ሥዕል ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሬይመንድ ዳማዲያን በአሜሪካ የመጀመሪያውን የሙሉ ሰው ምርመራ ሲያደርግ ለአንድ የደረት ሥዕል ብቻ ወደ አምስት ሰዓት ያህል ፈጅቶ ነበር። ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በዚሁ ዘርፍ ላደረጉት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ዳማዲያን ሳይካተት ቀርቷል፤ በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ገዝቶ ተቃውሞውን አሰምቷል። ዛሬ የፊኛ ምርመራ ብዙውን ጊዜ ከሰላሳ እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።

የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ሦስት ዓይነት ሥዕል ያያል። በመጀመሪያው ላይ ሽንቱ ነጭ፣ ጡንቻው እንደ ኩል የጠቆረ መስመር፣ ዕብጠቱ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ያ ጥቁር መስመር ከዕብጠቱ ሥር ሳይቋረጥ ካለፈ ጡንቻው አልተነካም ለማለት ያስደፍራል፤ ግራጫው ሰብሮት ከገባ ግን ነገሩ ያሰጋል። ሁለተኛው ሥዕል በሕዋሳት መካከል የውሃን እንቅስቃሴ ይለካል። ካንሰር ሕዋሳቱ የተጨናነቁ ስለሆነ ውሃው እንደልቡ አይንቀሳቀስም፤ በዚህም የተነሣ ዕብጠቱ ጎልቶ ያበራል። ሦስተኛው በደም ሥር ጋዶሊኒየም የተባለ አድማቂ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሣ ነው፤ ካንሰሩ መድኃኒቱን ፈጥኖ ሲስብ ጡንቻው ዘግይቶ ይስባል።

ቀደም ሲል እያንዳንዱ ሐኪም ሥዕሉን በራሱ አነጋገር ስለሚጽፈው አንዱ «ይመስላል» ያለውን ሌላው «ነው» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሮማ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ቫሌሪያ ፓኔቢያንኮና ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ የሥራ ጓደኞቻቸው ቪራድስ የተባለ አንድ ወጥ መለኪያ አወጡ። መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው። 1 ከሆነ ጡንቻው የመነካቱ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው፤ 5 ከሆነ እጅግ ከፍተኛ ነው። 3 ላይ ሲወድቅ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የምርመራ ወረቀታችሁ ላይ ይህ ቁጥር ተጽፎ ካያችሁ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የፈተና ውጤት ስላልሆነ ከፍ ሲል ደስ አይበላችሁ።

ኤም አር አይ ጊዜ ያተርፋል ወይ ለሚለው ጥያቄ በብሪታንያ መልስ የሰጠ ጥናት አለ። ብላደርፓዝ በተባለው በዚህ ጥናት 143 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ዱሮው ሁሉም በመፋቅ ጀመረ። በሁለተኛው ወገን ዕብጠታቸው ጡንቻ የነካ መስሎ የታየባቸው ሰዎች ከመፋቅ በፊት ኤም አር አይ ተነሡ። ካንሰሩ ጡንቻ ገብቶ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል በዱሮው መንገድ የሄዱት ትክክለኛ ሕክምናቸውን እስኪጀምሩ አማካዩ ጊዜ 98 ቀን ሲሆን፣ ኤም አር አይ ያስቀደሙት በ53 ቀን ጀመሩ። በዚህ በሽታ አንድ ወር ተኩል ቀላል ጊዜ አይደለም።

ከላይ የተጠቀሱት እናት የማግኔቱ ሥዕል ጥቁሩ መስመር መሰበሩን አሳየ። ናሙናውም ይህንኑ አረጋገጠ። መድኃኒት ወሰዱ፤ ፊኛቸውና ማኅፀናቸው ወጣ። ዛሬ ከረጢቷን በነጠላቸው ሸፍነው ገበያ ይወጣሉ፤ ወጥ ይሠራሉ፤ ልጃቸውን ይቆጣሉ። ሰባቱ ወር ባይባክን ኖሮ መስመሩ ሳይሰበር ይደረስ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁ ግን የሚመልስላቸው ሰው አላገኙም።

መሣሪያው የማይችለው ነገርም መታወቅ አለበት። ኤም አር አይ ናሙና መውሰድን አይተካም፤ ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ምን ጊዜም ቤተ ሙከራው ነው። በሽፋኑ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተዘረጋውን የካንሰር ዓይነት አጥርቶ አያሳይም። ዕብጠቱ ከተፋቀ በኋላ ወዲያው የተነሣ እንደሆነ ቁስሉን ካንሰር አስመስሎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ይገባል፤ ከሁሉም የሚሻለው ከመፋቁ በፊት መነሣት ነው። በአገራችን መሣሪያው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ባለበትም ክፍያው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ አካሄዱ በሽንት ምርመራና በአልትራሳውንድ መጀመር ነው። እነዚህ ዋጋቸው የቀለለ ነው፤ ኤም አር አይ የሚጠየቀው ዕብጠት ከታየ በኋላ ነው። ደም አየሁ ብላ ቀጥታ ኤም አር አይ ካልተነሣሁ የምትል ሴት ገንዘቧን ታባክናለች።

ሉድቪግ ሬን የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ካንሰር መታየቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ለቀለም፣ ለጎማና ለቆዳ ሥራ ይውሉ የነበሩ አንዳንድ ኬሚካሎች ለዚህ በሽታ መንስዔ መሆናቸው ተረጋገጠ። ኬሚካሉ በትንፋሽ ወይም በቆዳ ይገባና በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። በሽታው ብቅ የሚለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ ሠራተኛዋ ጡረታ ወጥታ ፋብሪካውን ረስታዋለች። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የዱሮ ሥራችሁን ሳትጠየቁም ተናገሩ። የሲጋራም ጭስ የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከትምባሆ ጋር የተያያዘ ነው። ባል በቤት ውስጥ ሲያጨስ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም።

ከዚህም ሌላ በሽንት የሚተላለፈው የቢልሃርዝያ ዓይነት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1994 የካንሰር መንስዔ ብሎ መድቦታል። በግብፅ ለረጅም ዘመን ለፊኛ ካንሰር ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነበር። በአገራችን በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ መገኘቱ ይታወቃል። በእነዚህ ቦታዎች ያደገች ሴት በልጅነቷ ደም ትሸና ከነበረ ይህንንም ለሐኪሟ መንገር አለባት። የትሉ እጭ የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየታቸውና ወደ ምርምር መሄዳቸው ይታወሳል። ከማጠቢያው በታች ምን እንደሚሞት አይቶ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው።

ለምርመራው ስትሄዱ

ኤም አር አይ የታዘዘላት ሴት ፊኛዋ በመጠኑ መሞላት አለበት። ባዶ ፊኛ እንደ ባዶ ስልቻ ይጨማደድና ጭምድዱ ዕብጠት ይመስላል፤ ከልክ በላይ የሞላ ደግሞ ሽንት አስቸኩሎ እንድትነቃነቁ ያደርጋል፤ ሥዕሉም ይበላሻል። ስለዚህ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በፊት ሸንቶ ከዚያ በኋላ መያዝ፣ ወይም ከግማሽ ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ መጠጣት ይታዘዛል፤ ባለሙያው የነገራችሁን ተከተሉ።

ማግኔቱ ብረት ይስባል። ጉትቻ፣ ቀለበት፣ አምባር፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ከማተብ ጋር የታሰረች የብረት መስቀል ሳትቀር መውለቅ አለባት። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም በጭንቅላት ውስጥ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት መናገር ይገባዋል፤ አለመናገር ለሕይወት ያሰጋል። ሉፕ ያላችሁም ተናገሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ሆኖም ዓይነቱን ባለሙያው ማወቅ አለበት። ቱቦው ጠባብ ነው፤ ድምፁም እንደ ቆርቆሮ ቅጥቀጣ ነው፤ የጆሮ መከላከያ ይሰጣል፤ ያስጨነቃት ሴት ባለሙያውን የምትጠራበት መጭመቂያ በእጇ ይደረግላታል።

ያረገዘች ሴት አድማቂው መድኃኒት ካላስገደደ በቀር አይሰጣትም። ኩላሊቷ የታመመም አስቀድማ ትናገር። ለሚያጠቡ እናቶች ወደ ጡት የሚገባው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ኮሌጅ ማጥባታቸውን ሊቀጥሉ እንደሚችሉ ይመክራል፤ ወተት አልቦ መድፋት አያስፈልግም።

ዕብጠቱ ተፍቆ የወጣላት ሴት ከሦስት ወር በኋላ ፊኛዋ እንደገና በመመልከቻው ይታያል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ የሚወሰነው በዚያ ቀን በሚገኘው ውጤት ነው።